ሳይነስ ሊፍት ሳይሰራ ኢምፕላንት አይገባም ተባልኩ፣ የሰራችሁ ሰዎች ንገሩኝ

ላይኛው_ግራ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኢምፕላንት፣ አጥንት ውስጥ በብሎን ሚተከለውን ጥርስ ማለቴ ነው፣ ያስተከላችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ ጊዜ ወስዳችሁ መልሱልኝ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል። የላይኛው ግራ በኩል ሁለት መንጋጋ ጥርስ ከተነቀልኩ ብዙ አመት አልፎኛል፣ ያኔ ስለመተካት የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ አሁን ግን በዛ በኩል ማኘክ ስለማልችል ሁሉንም በቀኝ ነው ማኝከው እና የቀኙም ጥርስ እየደከመብኝ ነው፣ ስለዚህ ኢምፕላንት ላስተክል ወስኜ ሄድኩ። ሐኪሙ አፍን ሙሉ ሚያሳየውን ራጅ አንስቶ ካየ በኋላ ከሳይነሱ፣ ከጥርሱ በላይ ካለው አየር የያዘ ክፍል፣ በታች የቀረሽ አጥንት 3 ቢበዛ 4 ሚሊ ነው፣ ብሎኑን ሚይዘው ነገር የለም፣ መጀመሪያ ሳይነስ ሊፍት ይሰራልሽና ከወራት በኋላ ነው ኢምፕላንቱ ሚገባው አለኝ። በጎን በኩል አጥንቱን እንደ መስኮት ከፍተን ወደ ላይ ገፋ አርገን ስሩን በአጥንት ዱቄት እንሞላዋለን ብሎ ሲያስረዳኝ ከዛ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም፣ በቃ ፈራሁ።

እና ማወቅ ምፈልገው፣ የሰራችሁ ሰዎች በእውነት እንዴት ነው፣ ነቅቶ ነው ሚሰራው? ዱቄቱስ የምን አጥንት ነው? እኔ ደሞ አየር ሲለወጥ አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ሳይነስም አልፎ አልፎ ያመኛል፣ ይሄ ችግር ያመጣል ወይ? ዋናው ጥያቄዬ ግን ይሄን ሳልሰራ ሌላ መንገድ የለም ወይ ነው። አንድ ጓደኛዬ ሊፍቱም ኢምፕላንቱም ባንድ ቀን ነው የተሰራለት፣ የኔ ለምን ሁለት ጊዜ ሆነ? ስለጥርስ ሚያውቅ ሰው አጠገቤ ስለሌለ ነው፣ አታሳፍሩኝ።

እንደልቡ፦

አይዞሽ እህቴ፣ እኔ በቀኝ በኩል ተሰርቶልኛል፣ ያንቺ ሐኪም ያለው በጎን ሚከፈተው አይነት ነው። ነቅቼ ነው፣ ጥርስ ሲነቀል ሚወጋውን ማደንዘዣ ነው የወጉኝ፣ በጣም ለሚፈራ ሰው ግን ዘና ሚያደርግ መድሃኒት በደም ስር ይሰጣል አሉ፣ ከፈራሽ ቀድመሽ ጠይቂ። ህመም የሚባል ነገር አልነበረም፣ ግፊቱ ግን ይሰማሻል፣ ደሞ ድምፁ ቅርብ ስለሆነ ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለ ይመስልሻል፣ እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው እንጂ ሌላው ምንም አልነበረም። አጥንቱን የከፈቱት በተለመደው መቦርቦሪያ ሳይሆን በሚንቀጠቀጥ መሳሪያ ነው፣ ፒየዞ ነው ያሉኝ፣ አጥንት ይቆርጣል እንጂ ስስ ነገርን ቶሎ አይቀድም ብለው አስረዱኝ።

ከዛ በኋላ ያለው ነው ማንም በደንብ ማይነግርሽ። እብጠቱ በሰራሽ ቀን ሳይሆን በሁለተኛውና በሶስተኛው ቀን ነው ሚብሰው፣ የኔ እስከ አይኔ ስር ወጥቶ ነበር፣ ከዛ መልኩ ወደ ቢጫ እየሄደ ወደ ታች ይወርዳል፣ መስታወት ስታዪ እንዳትደነግጪ። ከአፍንጫ ትንሽ ደም መጣ፣ ነግረውኝ ስለነበር አልፈራሁም። አንዳንዴ ደሞ አሸዋ ሚመስል ፍሬ ባፌ ይወጣ ነበር፣ ትንሽ ከሆነ ችግር የለውም አሉኝ፣ ብዙ ከሆነ ግን መደወል አለብሽ። ህመሙ በማስታገሻ ኪኒን ሚቻል ነው።

ከባዱ ነገር መናፈጥ ክልክል መሆኑ ነው!! አፍንጫ ሞልቶ መናፈጥ አለመቻል ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ሚያውቅ ያውቀዋል። ሲያስነጥስሽ አፍሽን ከፍተሽ ነው፣ አፍንጫሽን ይዘሽ ማፈን በፍፁም። በስትሮ መጠጣት የለም፣ ከባድ እቃ ማንሳት የለም፣ ማታ በሁለት ትራስ ቀና ብሎ መተኛት ነው። ኢምፕላንቱ ራሱ ሲገባ ከዚህ ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ቀላል ነው።

የአፍ_ሐኪም፦

ሰላም ላይኛው_ግራ። የጥርስ ሐኪም ነኝ፣ ይሄን ስራም እሰራዋለሁ። ራጅሽን ስላላየሁ ላንቺ አፍ መወሰን አልችልም ግን ሐኪምሽ ያለሽ ነገር ከየት እንደመጣ ላስረዳሽ።

ከላይኛው የኋላ ጥርሶች ስር ከፍ ብሎ፣ ከጉንጭሽ ጀርባ ማለት ነው፣ በግራም በቀኝም አየር ብቻ ያለበት ባዶ ክፍል አለ፣ ሳይነስ ሚባለው እሱ ነው፣ የአዋቂ ሰው አንዱ ሳይነስ 15 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይይዛል። የመንጋጋ ጥርሶችሽን ስር የያዘው አጥንት የዚህ ክፍል ወለል ነው። ጥርስ ሲነቀል ታዲያ ከሁለት አቅጣጫ ነው ሚበላው፣ ከታች በኩል አጥንቱ ሚሸከመው ነገር ስለሌለ እየሟሸሸ ይሄዳል፣ በመጀመሪያው አመት ብቻ የወርዱ ግማሽ አካባቢ ሊጠፋ ይችላል፣ ከላይ በኩል ደግሞ ሳይነሱ ራሱ ወደ ታች እየሰፋ ይመጣል። ብዙ አመት የቆየ ሰው ላይ 3 ሚሊ መቅረቱ ምንም እንግዳ ነገር አይደለም፣ 1 ሚሊ የቀረውም ይመጣል።

አሁን ስሙ ሰው ያስፈራል እንጂ ሳይነሱን ማንም አያነሳውም። ሚነሳው የሳይነሱን ውስጥ የለበጠው ስስ ሽፋን ነው፣ ሜምብሬን እንለዋለን፣ ጤነኛ ሲሆን ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ አይሞላም። የእንቁላል ቅርፊት ሰብረሽ ከስሩ ያለውን ስስ ነገር ሳትቀጂ ማላቀቅ በይው፣ እንደውም ተማሪዎች በጥሬ እንቁላል ሚለማመዱበት ቦታ አለ። ሽፋኑ ከወለሉ ተላቆ ከፍ ሲል በሱና በአጥንቱ መሀል ክፍተት ይፈጠራል፣ ዱቄቱ ሚገባው እዛ ነው፣ ማለትም ከሽፋኑ በታች ነው እንጂ አየሩ ያለበት ክፍል ውስጥ አይደለም። ይሄ ልዩነት በጣም ወሳኝ ነው ምክንያቱም ሽፋኑ ተቀዶ ዱቄቱ ወደ ላይ ካመለጠ ያኔ ነው ኢንፌክሽንም የሳይነስ ህመምም ሚመጣው።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በጎን በኩል፣ ላንቺ የተባለው፣ አሜሪካዊው ታተም በፈረንጆች 1970ዎቹ የጀመረው ነው፣ ቦይንና ጄምስ ደግሞ በ1980 አሳትመውታል፣ ስለዚህ ሙከራ ላይ ያለ ነገር እንዳይመስልሽ። በዚህ መንገድ ብዙ ማንሳት ይቻላል፣ 10 ሚሊ አካባቢም ይደርሳል። ሁለተኛው ከታች፣ ኢምፕላንቱ ሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ወለሉን ቀስ ብሎ ወደ ላይ መግፋት ነው፣ ሰመርስ በ1994 ያስተዋወቀው። ይሄ ቁስሉ ትንሽ ነው፣ እብጠቱም ትንሽ፣ ግን ሚያነሳው ጥቂት ሚሊ ነው፣ ሽፋኑ ቢቀደድም በአይን አይታይም። ስለዚህ 6 ወይ 7 ሚሊ አጥንት ላለው ሰው ሊፍት ከተፈለገ ከታች ይበቃዋል፣ 3 ሚሊ ላለው ሰው በጎን ነው ብዙ ጊዜ ሚመከረው።

የጓደኛሽ ለምን ባንድ ቀን ሆነ ላልሽው፣ ብሎኑ በገባበት ቀን በነባሩ አጥንት ጥብቅ ብሎ መያዝ አለበት፣ ዱቄቱ ያን ቀን ምንም አይይዝም። 5 ሚሊ ካለ አብዛኛው ሐኪም ባንዴ ይሰራዋል፣ 4 ላይ እንደ አጥንቱ ጥንካሬና እንደ ሐኪሙ ልምድ ይለያያል፣ ከዛ በታች ሲሆን ግን ሁለት ጊዜ መስራት ነው ሚሻለው ምክንያቱም የላላ ብሎን አጥንት አይዋሃደውም፣ ባስ ካለም ወደ ሳይነሱ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሐኪምሽ ሁለት ጊዜ ማለቱ ጊዜሽን ሊያባክን አይደለም፣ ያለሽው ቁጥር ትክክል ከሆነ እኔም እንደዛ ነው ምልሽ። መሀል ላይ ያለው ቆይታ ደሞ እንደ ዱቄቱ አይነትና እንደ ቀረው አጥንት ከ4 እስከ 9 ወር ነው።

ዱቄቱ ከአራት ቦታ ይመጣል። ከራስሽ አጥንት፣ ከአገጭ ወይ ከታችኛው መንጋጋ ጀርባ ሚወሰድ፣ በህይወት ያለ ህዋስ ስላለው ጥሩ ነው ግን ሌላ ቁስል ነው ደሞ ቶሎ ይሟሟል። ከሞተ ሰው ተለግሶ የተዘጋጀ። ከእንስሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከከብት፣ ስጋ ነገሩ በሙሉ ወጥቶ ማዕድኑ ብቻ የቀረ ማለት ነው፣ ሳይነስ ላይ በጣም ሚሰራበት እሱ ነው፣ ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ቁመቱን ይጠብቃል። አራተኛው ሰው ሰራሽ ነው፣ ካልሲየም ፎስፌት። ከራስሽ ደም ተወስዶ ሚዘጋጅ ፒአርኤፍ ሚባልም ይጨመርበታል። ከሃይማኖት አንፃር ሚያሳስብሽ ነገር ካለ ቀድመሽ ተናገሪ፣ ምክንያቱም ዱቄቱ የከብት ሆኖ መስኮቱ ላይ ሚደረገው መሸፈኛ የአሳማ ኮላጅን ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሙ ካልጠየቅሽው ላይነግርሽ ይችላል። ሁሉም አማራጭ አለው።

የአፍንጫሽ ነገር፦ ወቅታዊ አለርጂ ብቻውን አይከለክልም፣ ግን በሚብስብሽ ወቅት አይሰራም። የሳይነሱ መውጫ ቀዳዳ ከላይ ነው ያለው፣ ንፍጡን ወደ ላይ ጠርጎ ሚያወጣው የሽፋኑ ጥቃቅን ፀጉር ነው፣ እና ያ መውጫ አስቀድሞ የተዘጋ ሰው ላይ ሊፍት መስራት ኢንፌክሽን ቆልፎ ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ በጥርስ ራጅ ብቻ እንዳትገቢ። 3ዲ ሲቲ፣ በሁሉም አቅጣጫ ሚያሳየው ራጅ፣ ይነሳ፣ እስከ መውጫው ቀዳዳ ድረስ ይታይ፣ ሽፋኑ ወፍሮ ከታየ ወይ ፖሊፕ፣ ውስጡ ሚበቅል ትርፍ ስጋ፣ ካለ መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም ይይሽ። በነገራችን ላይ አንዳንዴ ሰው አለርጂ ነው ሚለው አንድ ወገን ብቻ ሚዘጋ አፍንጫ እዛው ጎን ካለ ስሩ ከቆሰለ ጥርስ ይመጣል፣ ያንቺ ግራው ብቻ ነው ሚዘጋው ወይስ ሁለቱም?

አጭር_ብሎን፦

ሌላ መንገድ የለም ወይ ላልሽው አለ። እኔም ሳይነስ ሊፍት ተብዬ ሁለተኛ ሐኪም ጋ ሄጄ ስለካው 6 ሚሊ ከምናምን አጥንት ነበረኝ፣ 6 ሚሊ ርዝመት ያለው አጭር ኢምፕላንት አስገባልኝ፣ ሊፍትም ዱቄትም አልነካኝም። ድሮ ኢምፕላንት 10 ሚሊ ካልሆነ አይሆንም ይሉ ነበር፣ አሁን ግን የብሎኑ ገፅ ሻካራ ተደርጎ ስለሚሰራ አጭሩም ይይዛል፣ ጥናቶቹም ጥሩ ውጤት ነው ሚያሳዩት። ደሞ ሁለት ጥርስ ከሆነ አያይዘው ይሰሩታል ሸክሙ እንዲከፈል። እኔ ምመክርሽ ሌላ ሐኪም ጋ ሄደሽ በትክክል አስለኪ ነው፣ 3 ወይ 4 ሚባል ነገር ልኬት አይደለም ግምት ነው፣ 3 ነው ወይስ 4 ነው? ሁለቱ መሀል ትልቅ ልዩነት አለ። አፍ ሙሉ ራጅ ደሞ ምስሉን ያጎላዋል፣ ባንድ ፊት ብቻ ነው ሚያሳየው፣ ወርዱን አያሳይም።

ኢምፕላንት ካልሆነም ብሪጅ፣ ጎን ያሉት ጥርሶች ላይ ሚታሰር ሰው ሰራሽ ጥርስ፣ አለ፣ ግን ለብሪጁ ሁለት ጎን ያሉትን ጤነኛ ጥርሶች መሞረድ ነው፣ እኔ ያ አልተዋጠልኝም። የመጨረሻው ጥርስሽ ከተነቀለ ደሞ ከኋላ መያዣ ስለሌለ ብሪጁም አይሆንም። ሚወልቅ ሰው ሰራሽ ጥርስም አለ፣ ለሁሉ ሰው ይሆናል ግን ስትበይ ይንቀሳቀሳል።

የአፍ_ሐኪም፦

አጭር_ብሎን ያለው እውነት ነው፣ ለ6 ሚሊ እኔም አጭሩን ነው ምመርጠው፣ ሊፍት አያስፈልገውም። 3 ሚሊ ላይ ግን አጭሩም ቢሆን ግማሹ አየር ላይ ነው ሚቆመው፣ ስለዚህ ላይኛው_ግራ ሲቲሽ በእውነት 3 ካለ አጭር ይሁንልኝ ብለሽ ሐኪም አታስጨንቂ። ጭራሽ አጥንት ለሌላቸው፣ በተለይ የላይኛው ጥርስ በሙሉ ለወጣ ሰው፣ የጉንጭ አጥንት ላይ ሚያዝ ረጅም ኢምፕላንት አለ፣ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሚደርስ፣ ለሁለት ጥርስ ግን ያን አንሰራም።

ፀሐይ_ግባት፦

እኔ ምፅፈው ሲቲ የተባለውን ቀልድ እንዳታደርጉት ነው። ለኔ በራጅ ብቻ ነው የገቡት። መሀል ላይ ሽፋኑ ተቀደደ ተባለ፣ ስሜቱ ምንም አልነበረም ግን የሐኪሙና የረዳቱ ዝምታ ገባኝ። ቀዳዳው ትልቅ ስለነበር ዱቄቱን ሳያስገቡ ሰፍተው መለሱኝ። አሁን ሳስበው መስፋታቸው ትክክል ነበር፣ ምክንያቱም ያን ቀን ሞልተውት ቢሆን ኖሮ ዱቄቱ ሁሉ ሳይነሴ ውስጥ ይበተን ነበር። ያናደደኝ ግን ቀድሞ መታወቅ ይችል የነበረው ነገር ነው። ሁለተኛው ሐኪም ሲቲ ሲያነሳ ሳይነሴ ውስጥ ወለሉ ላይ የቆመ ግድግዳ መሰል አጥንት አለ፣ ብዙ ሰው እንዳለው ነው የነገረኝ፣ ሽፋኑ እሱ ላይ ሲደርስ ነው ሚቀደደው። እሱን ካወቀ ሐኪሙ መስኮቱን በሁለት ከፍሎ ግራና ቀኙን ለየብቻ ያላቅቀዋል፣ ካላወቀ ይገፋዋል። በጎኑ አጥንት ውስጥ ሚያልፍ የደም ስርም አለ፣ እሱም በሲቲ ይታያል፣ ሳይታወቅ ከተቆረጠ ብዙ ይደማል።

ወራት ጠብቄ ሽፋኑ ድኖ በድጋሚ ተሰራ፣ አሁን ብሎኑ ገብቶ ጥርሱም ተቀምጧል፣ አኝክበታለሁ። ላንቺ ምልሽ እህቴ፣ ሽፋኑ ቢቀደድ ምን ታደርጋለህ ብለሽ ቀድመሽ ጠይቂው። ትንሽ ከሆነ በኮላጅን እሸፍነዋለሁ፣ ትልቅ ከሆነ አቁሜ ዘግቼ ሌላ ጊዜ እንሰራለን ካለሽ የሰራ ሰው ነው። እኔ ጋ ተቀዶ አያውቅም ካለሽ እኔ ከሆንኩ ተነስቼ እወጣለሁ።

የአፍ_ሐኪም፦

ፀሐይ_ግባት እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ይሄን ሐኪም ሲናገረው ሰው ማስፈራራት ይመስላል። መቀደድ በዚህ ስራ ላይ በጣም ሚበዛው ችግር ነው፣ ጥናቶች ላይ ከአምስት አንዱ አካባቢ ይመዘገባል፣ አብዛኛው ትንሽ ነው እዛው ይሸፈናል። ሐኪም ሁሉ ያጋጥመዋል፣ ልዩነቱ ሲያጋጥመው ማቆም መቻሉ ላይ ነው።

የአባቴ_ልጅ፦

ዶክተር ይቅርታ የሰው ጥያቄ ውስጥ ገባሁ፣ አባቴም ይሄንኑ ተብለዋል። እድሜያቸው ወደ 70 ነው፣ ስኳር አለባቸው፣ ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ደሞ ለአጥንት መሳሳት በየስድስት ወሩ መርፌ ይወጋሉ። እሳቸው እኔን ምንም አይነካኝም ነው ሚሉት፣ እኔ ግን ፈርቻለሁ። መስራት ይችላሉ? መርፌውን ለጊዜው ያቁሙት ወይ?

የአፍ_ሐኪም፦

ጥሩ አደረክ የጠየክ ምክንያቱም ያልካቸው ሶስቱም ነገሮች ከእድሜያቸው በላይ ወሳኝ ናቸው፣ እድሜ ብቻውን አይከለክልም።

ከመርፌው ልጀምር። በየስድስት ወሩ ከሆነ ዴኖሱማብ ሚባለው ሳይሆን አይቀርም፣ ካርዱ ላይ እየው። ይሄና የዞሌድሮኔት አይነት መድሃኒቶች አጥንት ራሱን ሚያድስበትን ስራ ያቀዘቅዙታል፣ እና መንጋጋ ላይ ቀዶ ህክምና ሲሰራ አጥንቱ ሳይድን ተገልጦ ሊቀርና ሊሞት ይችላል። ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን አደጋው አነስተኛ ነው፣ ለካንሰር በሚሰጠው መጠን ግን በጣም ይጨምራል፣ ካንሰር ላይ ላለ ሰው ይሄን ስራ አንሰራም። ግን እባክህ መርፌውን በራሳችሁ አታቋርጡት!! ዴኖሱማብ በድንገት ሲቆም አጥንቱ በፍጥነት ይሳሳል፣ የጀርባ አጥንት ስብራት ያመጣል፣ ይሄ ጥርስ ከማጣት ጋር ሚወዳደር ነገር አይደለም። መርፌውን ያዘዘው ሐኪምና የጥርስ ሐኪሙ ይነጋገሩ፣ ቀኑን ከመርፌው ጋር አገናዝበው ይመርጣሉ፣ ወይም ለሳቸው ሚወልቀው ጥርስ ይሻላል ሊሉ ይችላሉ፣ እሱም ክብር ያለው መፍትሄ ነው።

ስኳሩ ከተቆጣጠሩት ችግር የለውም፣ የሶስት ወሩን አማካይ ሚያሳየውን ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ፣ አምጡ ይባላል፣ 8 እና ከዛ በላይ ከሆነ አብዛኛው ሐኪም መጀመሪያ ይስተካከል ብሎ ይመልሳቸዋል። ሲጋራው ላይ ግን እኔ አልደራደርም። ሲጋራ የድዱን ደም ስር ያጠባል፣ የሳይነሱን ንፍጥ ጠራጊ ፀጉር ያሽመደምዳል፣ ቁስሉ ይከፈታል ዱቄቱም ይበከላል። ቢያንስ ከሳምንታት በፊት አቁመው አጥንቱ እስኪዳብር እንዳይመለሱበት ንገራቸው፣ አንተ ስትነግራቸው እምቢ ካሉ ሐኪማቸው ፊት አንሳው፣ ብዙ አባቶች ለልጅ ማይሰሙትን ለሐኪም ይሰማሉ።

ላይኛው_ግራ፦

ሁላችሁም እድሜ ይስጣችሁ፣ እንዲህ አርጎ ያስረዳኝ አልነበረም። ዶክተር ለጠየቁኝ፣ ሁለቱም ወገን ነው ሚዘጋው፣ ግራው ብቻ አይደለም። ሲቲ ላነሳ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ከዛ በፊት ምንም አልፈርምም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር፣ ከተሰራ በኋላ አውሮፕላን መሳፈር አለብኝ ለስራ፣ ስንት ጊዜ ልቆይ? ሌላው ደሞ የአፍንጫ መክፈቻ ስፕሬይ ሁሌ ነው ምጠቀመው፣ ልቀጥል ወይስ ላቁም? እና ሰው ከታች በመዶሻ እየመቱ ሲሰሩ አዞረኝ ብሎ ሲፅፍ አይቼ ደነገጥኩ፣ እሱ ምንድነው?

የአፍ_ሐኪም፦

ማዞሩ እውነት ነው ግን ብዙ አይደለም። ከታች ሲሰራ ወለሉ በትንሽ መዶሻ ቀስ እየተመታ ነው ሚገፋው፣ ምቱ ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ጠጠሮች ከቦታቸው ሊያነቃንቅ ይችላል፣ ያኔ ስትነሺ ወይ ስትገላበጪ ቤቱ ይዞርብሻል። የጭንቅላት አቀማመጥ በመቀያየር ሚታከም ነው፣ ኢፕሊ ሚባል ዘዴ አለ፣ አብዛኛው ሰው ይድናል። ላንቺ በጎን ከሆነ በመዶሻ አይደለም ሚሰራው፣ አታስቢበት።

አውሮፕላኑ፣ የግፊት ለውጥ ስላለው ቢያንስ 2 ሳምንት አይመከርም፣ አንዳንድ ሐኪም ከዛም ያስረዝመዋል፣ ሽፋኑ ተቀዶ ከነበረ ደሞ በእርግጠኝነት ይረዝማል። ስለዚህ ጉዞሽን ከቀጠሮው በፊት ጨርሺ ወይም ቀጠሮውን ከጉዞ በኋላ አርጊው። የመናፈጡ ክልከላም እንደዛው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ነው። እየጨመረ ሚሄድ እብጠት፣ ትኩሳት፣ ከአፍንጫ ሚወርድ ሽታ ያለው መግል፣ ማይቆም ደም ካየሽ ግን የቀጠሮ ቀን አትጠብቂ፣ እዛው ቀን ሂጂ።

ስፕሬዩ የትኛው ነው? ቶሎ ሚከፍተው ዓይነት ከሆነ፣ ዛይሎሜታዞሊን ወይ ኦክሲሜታዞሊን ሚል ተፅፎበት ካየሽ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን በላይ ሚወሰድ አይደለም፣ ሁሌ ስትጠቀሚው አፍንጫሽን ራሱ እሱ ነው ሚዘጋው፣ ያንቺ የሳይነስ ችግር መነሻው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ለአለርጂ ሚሰጠው የስቴሮይድ ስፕሬይ ከሆነ ግን ቀጥይበት። ጠርሙሱን ይዘሽ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ከሊፍቱ በፊት መስተካከል ያለበት ነገር ነው። በቀጠሮሽ ቀን ጉንፋን ጀመረኝ ካልሽ ደሞ ጠዋትም ቢሆን ደውለሽ ንገሪያቸው፣ ቀኑ ቢራዘም ምንም አያጎድልብሽም፣ የቀረው አጥንት በሁለት ሳምንት ውስጥ የትም አይሄድም።